27ኛው ሰው፦ ስለ ጉዳት፣ ስለ ተጠባባቂና ስለ ረጅሙ የቤዝቦል ዓመት

ናቪያርድ_ሾፌር

ሰላም ለሁላችሁ። መኪና ውስጥ ሰው እየጠበቅኩ ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ።

ዲሲ ነው የምነዳው። ባለፈው ሳምንት ከሬገን ኤርፖርት አንድ ወጣት ጫንኩ። ሁለት ትልልቅ ሻንጣና አንድ ረጅም ጠባብ ቦርሳ ይዟል። ቦርሳውን ከኋላ ሳስገባው ውስጡ እንጨት ከእንጨት ተንኳኳ። መድረሻው ናሽናልስ ፓርክ፣ የዲሲው ቤዝቦል ቡድን ስታዲየም ነው።

«ጨዋታ ልታይ ነው?» አልኩት።

ሳቀ። «ልጫወት ነው።»

ለካ በጠዋት ተደውሎለት ነው። አንዱ ተጫዋች ታፋውን ጡንቻ ስቦት ወጥቷል፤ እሱ ደግሞ ማቄን ጨርቄን ሳይል አውሮፕላን ላይ ወጣ። ማታ የት እንደሚያድር እንኳ አያውቅም። መንገዱን ሙሉ ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ ነበር። ሁለት ጊዜ «ማማ፣ አታልቅሺ» ሲል ሰማሁት። ሲወርድ እጁ ስለሞላ በሩን በክርኑ ነው የዘጋው።

ከዚያ ወዲህ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሁላችንም የምናወራው ስለ ኮከብ ነው። እኔ ግን 162 ጨዋታ የሚያሻግረው እንደዚህ ልጅ ያለው፣ 27ኛው፣ 31ኛው፣ 38ኛው ሰው ነው ባይ ነኝ። ምን ትላላችሁ?

---

የቂርቆስ_ልጅ

ወንድሜ እኔ የኳስ ሰው ነኝ፣ ቤዝቦል አይገባኝም። ግን 27ኛው ሰው ስትል? አንድ ቡድን ስንት ሰው ነው ያለው? እኛ ጋ እኮ 25 ሰው ይዘው ዓመቱን ይጨርሱታል፤ ማንም ጉድ አላለም።

---

ናቪያርድ_ሾፌር

ጥሩ ጠየቅክ። ሜዳ የሚገባው 9 ነው። ለጨዋታ የሚመዘገበው 26። ከዚያ ሰፋ ያለ 40 ሰው ያለበት ዝርዝር አለ፤ 26ቱም እዚያው ውስጥ ናቸው። ከቀሪዎቹ ያልተጎዱት ማይነር ሊግ (ከዋናው፣ ከሜጀር ሊግ በታች) እየተጫወቱ ስልካቸውን ይጠብቃሉ።

አሁን ቁጥሩን አስበው። የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ 38 ጨዋታ ነው። እዚህ 162 ነው፣ ያውም በስድስት ወር ገደማ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ... በየቀኑ ማለት ትችላለህ። አንድ ጨዋታ ደግሞ 9 ኢኒንግ (ዙር በለው) ነው። ጠቅላላው ወደ 1,458 ኢኒንግ ይመጣል። ኳስ የሚወረውር ሰው ደግሞ እንደ በረኛ አይደለም፤ ዛሬ ከጀመረ ቀጣይ ተራው ከአምስት ቀን በኋላ ነው፣ ክንዱ አይችልም። አምስት ጎበዝ ወርዋሪ ይዘህ እያንዳንዳቸው 180 ኢኒንግ ቢወረውሩልህ እንኳ (ሁሉም ደህና ከሆኑ ማለት ነው፣ እሱም ብርቅ ነው) 900 ነው። 558 ቀረህ። እሱን ማን ይወረውረዋል?

አንድ ነገር ልጨምር። ከሜዳ የወጣ ሰው በዚያ ጨዋታ ተመልሶ አይገባም። ስለዚህ አሰልጣኙ ሁሌም እየቆጠበ ነው የሚጫወተው።

---

የቂርቆስ_ልጅ

እሺ ይሄ ስፖርት ሳይሆን የወር አስቤዛ ነው የሚመስለው።

---

ናቪያርድ_ሾፌር

ሃሃ፣ አልተሳሳትክም። ሽንኩርቱ በ20ኛው ቀን ካለቀ ወሩ አለቀ።

---

ብሮንክስ_4ኛ_ፎቅ

ስለ ጉዳት ከተወራ የኒውዮርኩን ቡድናችንን ያንኪስን ሳትጠቅሱ እንዴት ታልፋላችሁ? 2019። 30 ተጫዋች የተጎጂዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ሠላሳ! አንዳንዱ ሁለቴ ስለገባ በጠቅላላ 39 ጊዜ ነው። የሊጉ ሪከርድ ነበር። እኔ ጠዋት ጠዋት ዜና ስከፍት ሰው የሞተበት ቤት የምገባ ነበር የሚመስለኝ።

ስንት አሸነፍን? 103።

ሦስተኛው ቤዝ (ከሜዳው አራት ማዕዘን አንዱ) ላይ የነበረው ሚጌል አንዱሃር ገና በመጀመሪያው ሳምንት ትከሻው ተጎዳ። ዓመቱ አለቀ ብለን ተቀመጥን። በእሱ ቦታ የገባው ጂዮ ኡርሼላ፣ ቶሮንቶ በጥሬ ገንዘብ የሸጠልን፣ ማንም ከቁም ነገር ያልጣፈው ሰው ነበር። .314 መታ (ከሺህ ሙከራ 314 እንደማለት ነው)፣ 21 ሆም ረን (ኳሷን ከሜዳ ውጪ መምታት)። በኋላ ሕዝቡ ስሙን ሲዘምር ብታዩ።

የሾፌሩ ሐሳብ ትክክል ነው። በዋንጫው አትጠይቁኝ እንጂ፤ ሂውስተን በስድስት ጨዋታ ሸኘን።

---

ጥርጣሬ_አያጣም

ይቅርታ፣ እኔ ይሄ ታሪክ ሁሌ በጣፋጩ ነው የሚነገረው። ኡርሼላን ታስታውሳላችሁ። ያልሠሩትን 29ኙን ኡርሼላዎች ግን ማን ያስታውሳል? ተጠባባቂ ተጠባባቂ የሆነው በምክንያት ነው። ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ አይሳካለትም።

ደግሞ «ጥልቀት» የምትሉት በአማርኛ ሲተረጎም ገንዘብ ነው። የሎስ አንጀለሱን ዶጀርስን እዩ፣ 2024። ወርዋሪዎቻቸው እንደ ቅጠል ረገፉ። ግላስናው ክርኑ፣ ከርሾው የእግር ጣቱ፣ ስቶን ትከሻው። ደስቲን ሜይ ደግሞ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሰላጣ ሲበላ ጉሮሮው ውስጥ ተሰነጠቀና ኦፕሬሽን ሆነ። ሰላጣ! ሙኪ ቤትስ በተወረወረ ኳስ እጁ ተሰበረ። ኦክቶበር ላይ ሲደርሱ በወጉ የሚጀምር ወርዋሪ የቀራቸው ሦስት ነው። ከሳንዲያጎ ጋር መውደቂያ ጫፍ ላይ ሆነው ስምንት ወርዋሪ አፈራርቀው አንድም ረን (ነጥብ) ሳይገባባቸው 8 ለ 0 አሸነፉ። በመጨረሻ ዋንጫውን በሉት። ስምንት ሰው ማፈራረቅ የሚችለው ስምንት ሰው መግዛት የሚችል ነው።

---

ናቪያርድ_ሾፌር

ገንዘቡን አልክድህም። ግን የኛን ሰፈር ቡድን እንይ፣ ናሽናልስን፣ ያው 2019።

ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ትሬ ተርነር ባንት ሊያደርግ (ኳሱን ቀስ ብሎ ሊነካ) ዱላውን አጋድሞ ሳለ ኳሱ አመልካች ጣቱን ሰበረው። በእሱ ቦታ ካርተር ኪቡም የሚባል ልጅ ከፍሬስኖ ተጠራ። ያኔ የቡድኑ ከፍተኛው ማይነር ክለብ ካሊፎርኒያ፣ ፍሬስኖ ነበር። አስቡት፣ ዲሲ ሰው ሲጎዳ ተተኪው አገር አቋርጦ ነው የሚመጣው። ልጁ በመጀመሪያ ጨዋታው ሆም ረን መታ፣ ሰፈሩ አበደ። ከዚያ በ11 ጨዋታ .128 ሆኖ ኳስ ከእጁ እያመለጠው ተመለሰ። (ጥርጣሬ፣ እዚህ ላይ ላንተ ነጥብ ይያዝልህ።)

ሶቶ ወገቡን፣ ሬንዶን ክርኑን፣ ዚመርማን ውስጥ እግሩን ታመሙ። ሜይ 23 ላይ ቡድኑ 19 አሸንፎ 31 ተሸንፎ ነበር። እኔ የምጭናቸው ሰዎች በሙሉ አሰልጣኙ ይባረር ሲሉ ነበር።

ከዚያ ማን መጣ? ጄራርዶ ፓራ፣ ሳንፍራንሲስኮ ያሰናበተው። አስድሩባል ካብሬራ፣ ቴክሳስ ኦገስት ላይ የለቀቀው፤ በ38 ጨዋታ 40 ረን አስገባ። ከነባሮቹ ደግሞ ሃዊ ኬንድሪክ፣ 36 ዓመቱ፣ በ2018 የተረከዝ ጅማቱ የተበጠሰ። ዕድሜውን እያዩ ትንሽ ትንሽ እያሳረፉ ነበር የሚያጫውቱት። 121 ጨዋታ፣ .344። በዎርልድ ሲሪስ (የዋንጫው ፍጻሜ) ሰባተኛ ጨዋታ ሂውስተን ላይ ሆም ረን መትቶ ኳሷን የቀኙ ምሰሶ ላይ የለጠፋት እሱ ነው። ፓራና ካብሬራ ላይ ማንም በሚሊዮን አልተጫረተም። ሌላው ቤት የጣላቸው ናቸው።

ተርነርም ቢሆን ጣቱ ድኖ አይደለም የተመለሰው። ዓመቱን ሙሉ ጣቱን በወጉ ማጠፍ ሳይችል ነው የተጫወተው።

---

ክላርክስተን

ከአትላንታ ሰላምታ። ናሽናልስን ካነሳህ እኔም የራሴን ላንሳ።

2021፣ ጁላይ 10። ማያሚ ላይ ሮናልድ አኩንያ ኳስ ሊይዝ ዘሎ ሲያርፍ የቀኝ ጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ82 ጨዋታ 24 ሆም ረን የመታ ሰው ነው። እኔ ሱቅ ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ ነበር የማየው። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «በቃ፣ አጥፋው» አለኝ። እውነትም አጠፋሁት። ያኔ ያሸነፍነው ከተሸነፍነው ያንስ ነበር። ሶሮካ የተባለው ጥሩ ወርዋሪያችን ደግሞ ከዚያ በፊት የተረከዝ ጅማቱ ዳግም ተበጥሷል፤ ሲጫወት እንኳ አይደለም፣ ሲራመድ።

ኃላፊው አንቶፑሎስ ምን አደረገ? ትልቅ ስም አልገዛም። በሁለት ሳምንት አራት ሰው አመጣ፦ ፒደርሰን፣ ዱቫል፣ ሶለር፣ ሮዛሪዮ። ሮዛሪዮ ሲመጣ ራሱ ተጎድቶ ተኝቶ ነው! ለእሱ የሰጠነውን ሳንዶቫልን ክሊቭላንድ ወዲያው ነው ያሰናበተችው። በነፃ በሉት።

መጨረሻው፦ ሮዛሪዮ ከዶጀርስ ጋር በተደረገው ግጥሚያ ኮከብ ተባለ። ሶለር የዎርልድ ሲሪሱ ኮከብ ተባለ። በዓመቱ መክፈቻ ቀን ከኋላ ሜዳ የቆሙት ሦስት ሰዎች አንዳቸውም ዎርልድ ሲሪሱ ላይ የሉም። 88 ጨዋታ ብቻ አሸንፈን፣ ፕሌይኦፍ (ለዋንጫው የሚደረገው ጥሎ ማለፍ) ከገቡት ሁሉ ትንሹን ማለት ነው፣ ዋንጫ በላን።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር።

---

ብሮንክስ_4ኛ_ፎቅ

በጀመርከው ጥሩ ነበር፣ ተረቱን ባታመጣው።

---

ክላርክስተን

ቅናት ነው። ደግሞ ወርዋሪያችንን ሞርተንን ረስቼ። የዎርልድ ሲሪሱ የመጀመሪያ ጨዋታ ላይ የተመታ ኳስ ቅልጥሙን አገኘው። አጥንቱ ተሰብሯል። እሱ ሳያውቅ በተሰበረ እግር 16 ኳስ ወረወረ፣ የሂውስተኑን መቺ አልቱቬን አስወጥቶ ነው የወደቀው። በእሱ ምትክ የተመዘገበው ዴቪድሰን ከጁን ጀምሮ ለቡድኑ ያልተጫወተ ልጅ ነው። አምስተኛውን ጨዋታ እሱ ጀመረ። አራተኛውን የጀመረው ዲላን ሊ ደግሞ በሜጀር ሊግ ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም፤ የመጀመሪያው ዎርልድ ሲሪስ ላይ ሆነ።

---

ፊዚዮዋ

ሰላም፣ ቨርጂኒያ ነው የምሠራው፣ ፊዚዮቴራፒ። ስለ ቡድኑ ብዙ አላውቅም፣ ባለቤቴ ነው አፍቃሪው። ስለ ክርኑ ግን ልበል፤ ምክንያቱም ሁላችሁም «ተጎዳ፣ ተተካ» ትላላችሁ፣ ለምን እንደሚጎዳ ግን አንዳችሁም አላነሳችሁም።

አንድ ነገር አድርጉ። አውራ ጣታችሁንና ትንሿን ጣታችሁን አገናኙና አንጓችሁን ትንሽ ወደ ውስጥ እጠፉ። መሀል ላይ ቀጭን ገመድ የመሰለች ጅማት ብቅ ትላለች። (ያልታያችሁ አትደንግጡ፣ አንዳንድ ሰው የለውም።) ያቺ ጅማት ባትኖርም ሕይወት ይቀጥላል። ለዚህ ነው በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ እሷን ከቶሚ ጆን ቀኝ ክንድ አውጥተው በግራ ክርኑ ውስጥ የተበጠሰውን ጅማት የተኩባት። ይሳካል ብለው የገመቱት ከመቶ አንድ ነበር። ሰውየው 1975ን ሙሉ አልተጫወተም። ከዚያ ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ 164 ጨዋታ አሸነፈ። ስሙ ለሕክምናው ቀረ።

ዛሬ ይሄ የተለመደ ሆኗል። ማገገሚያው ግን አሁንም ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ነው፤ ጅማት አይቸኩልም። ደግሞ የዛሬ ወርዋሪ ፈጣን ኳሱን በአማካይ ከ150 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ነው የሚወረውረው፣ እያንዳንዱን ኳስ ባለው ኃይል ሁሉ። ሊጉ ራሱ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ጥናት ፍጥነት ፍለጋው ለጉዳቱ ዋና ምክንያት መሆኑን አምኗል። ጡንቻን ማጠንከር ይቻላል። ጅማት ግን በዚያው ልክ አይጠነክርም።

እና የኔ ጥያቄ፦ ቡድኑ ተተኪ ስላለው አይደል ወንዱን ልጅ እስኪበጠስ የሚያስወረውረው?

---

ጥርጣሬ_አያጣም

እህቴ፣ እጅሽን ይባርከው። ይሄ ነው ጥያቄው።

---

ጋሼ_አሌክሳንድሪያ

ልጆቼ፣ ስትነጋገሩ ደስ ይላል። ለፊዚዮዋ የምመልሰው ነገር አለኝ።

በ2012 ፓርኪንግ ነበር የምሠራው፣ ከስታዲየሙ ሁለት ብሎክ ራቅ ብሎ። ያኔ ስትራስበርግ የሚባለው ልጅ የከተማው ሁሉ ልጅ ነበር። በ2010 መጀመሪያ ጨዋታው ላይ 14 መቺ ኳሱን መምታት አቅቶት እንዲመለስ አደረገ። በዚያው ዓመት ክርኑ ተበጠሰና ያን የምትዪውን ሕክምና ወሰደ። በ2012 ተመልሶ በጣም ጥሩ እየሠራ ሳለ፣ ሴፕቴምበር ላይ ቡድኑ «159 ኢኒንግ ይበቃሃል፣ ክንድህን እናድን» ብሎ አስቀመጠው። ሳይታመም። ቡድኑ በሊጉ አንደኛ ሆኖ።

በዚያው ዓመት ፕሌይኦፍ፣ ከሴንት ሉዊስ ጋር አምስተኛው ጨዋታ ዕለት ሬዲዮ ከፍቼ ነበር። 6 ለ 0 መራን። ሰው ገና ከስታዲየም ሳይወጣ እኔ መኪና ማሰለፍ ጀምሬ፣ ዛሬ ጉርሻው ጥሩ ነው ብዬ። ከዚያ አንድ በአንድ ገባብን። በዘጠነኛው አራት አስገቡና 9 ለ 7 አለቀ። ሰዉ መጣ፣ አንድም ቃል የለም። ቁልፍ ይሰጡኛል፣ ይቀበሉኛል፣ ዝም። አንዱ ሰውዬ ትኬቱን ስጠኝ ስለው የጨዋታውን ትኬት ሰጠኝ።

ያን ሌሊት ስትራስበርግ ቢኖር ኖሮ ያላለ ሰው የለም። እኔም ብያለሁ።

ግን በ2019 ዋንጫውን ያመጣልን ያው ልጅ ነው። በፕሌይኦፍ አምስት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈ፣ የዎርልድ ሲሪሱ ኮከብ ተባለ። እና የቱ ነው ልክ? እኔ እስካሁን አልቆረጠልኝም።

---

ጥርጣሬ_አያጣም

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻ ይንገሩን እንጂ። ከዋንጫው በኋላ 245 ሚሊዮን ዶላር ለሰባት ዓመት ፈረሙለት። ከዚያ ስንት ጨዋታ ጀመረ? ስምንት። በሦስት ዓመት ስምንት። ትከሻውና አንገቱ አካባቢ ያለው ነርቭ ተጨቆነ፣ በ2024 ጡረታ ወጣ። በ2012 አስቀምጠው ያዳኑት ክንድ በ2019 209 ኢኒንግ ወርውሮ፣ ከዚያ ላይ የፕሌይኦፉ ተጨምሮበት ነው ያለቀው።

---

ጋሼ_አሌክሳንድሪያ

እውነትህን ነው ልጄ። ግን የ2019ን ቡልፔን፣ በመሀል የሚገቡትን ወርዋሪዎች፣ አስታውስ። ወንፊት ነበር። ከኋላ የሚያምኑት ሰው ስላልነበራቸው ጀማሪዎቹን ሸርዘርን፣ ስትራስበርግን፣ ኮርቢንን በመሀል እያስገቡ ነው ኦክቶበርን የጨረሱት። ሰባተኛውን ጨዋታ ሸርዘር ጀመረ፣ ኮርቢን መሀሉን ይዞ አሸነፈ። ሾፌሩ ልጄ ጥልቀት ጥልቀት ይላል። እኔ ያየሁት ጥልቀት ሲጠፋ ነው። ዋጋውን የከፈለው ያ ክንድ ነው።

---

ናቪያርድ_ሾፌር

ጋሼ፣ እዚህ ላይ ረቱኝ። እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር ብቻ። ሸርዘር በዚያው ዎርልድ ሲሪስ አምስተኛ ጨዋታ ጠዋት አንገቱ ደርቆ ከአልጋ መነሳት አቃተው፣ ልብሱን ሚስቱ ናት ያለበሰችው። ተተኪው ጆ ሮስ እንደሚጀምር የዚያኑ ዕለት ነው የተነገረው። አምስት ኢኒንግ ወረወረ፣ አራት ገባበት፣ ተሸነፍን። ማንም ጀግና አላለውም። ግን እሱ ያን ቀን ባይኖር ሸርዘር በደረቀ አንገት ይገባ ነበር፣ ሰባተኛው ጨዋታ ላይ ደግሞ ማን ይቆም ነበር?

---

የቂርቆስ_ልጅ

እኔ ይሄን ሁሉ አንብቤ የገረመኝ አንድ ነገር ነው። ያ ኤርፖርት የጫንከው ልጅ ይከፈለዋል? ማለቴ ለሁለት ቀን ቢጠራ?

---

ናቪያርድ_ሾፌር

ይከፈለዋል፣ በቀን ተሰልቶ። በ2025 ትንሹ የሜጀር ሊግ ደመወዝ በዓመት 760,000 ዶላር ነበር፤ ለውድድሩ ስድስት ወር ቀናት ስታካፍለው በቀን ከ4,000 ዶላር በላይ ይመጣል። ማይነር ሊግ ትልቁ ደረጃ ላይ ደግሞ በ2023 የተፈረመው ውል ትንሹን ክፍያ በዓመት 35,800 አድርጎታል። ዘጠኝ ቀን ላይኛው ሊግ ቢቆይ የዓመቱን አገኘ ማለት ነው። የእናቱ ለቅሶ አሁን ገባህ?

---

ፊዚዮዋ

ታዲያ ታፋውን ቢያመው ይናገራል? አይናገርም። በቃ፣ ጥያቄዬ ተመለሰ።

---

ክላርክስተን

ሾፌሩ፣ ልጁ ምን ሆነ? ተጫወተ?

---

ናቪያርድ_ሾፌር

ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ በስልኩ ሲከታተልልኝ ነበር። ሁለት ቀን ወንበር ላይ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ገባ፣ አንዴ መታ፣ በሁለተኛው ቤዝ ተያዘ። ቀደም ብሎ ተጎድቶ የነበረ ሌላ ተጫዋች ድኖ ዓርብ ተመለሰ፣ እሱን ወደ ማይነር ሊግ መለሱት።

ልጄ «ባባ፣ ስንት ቀን ቆየ?» አለኝ። አምስት አልኩት። በካልኩሌተሩ አባዛና «20,000!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ዝም ብሎ ቆይቶ «ሻንጣውን ግን ፈቶት ነበር?» አለኝ።

ሰው መጣ፣ ልንቀሳቀስ ነው። ማታ እመለሳለሁ።